ሁለት እጅ ለማንኛውም

በቤተ ክርስቲያናችን «ኤርፖርት የምትሠራዋ እኅት» እባላለሁ። ኤርፖርት ሠርቼ አላውቅም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ሴት ሥራዬን ብትጠይቀኝ «ኤሌቬተር እሰፋለሁ» አልኳት። ግራ ገባትና ባሏን ጠርታ፣ ካዚኖ ውስጥ ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ ሊፍት ይሰፋል ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም በደንብ አስቦበት፣ «ምንጣፉን ይሆናል» አላት። ማስረዳቱ ረዘመብኝና ተውኩት።

ባለፈው ጥር ጡረታ ወጣሁ። የቀኝ እጄ አውራ ጣት መርፌ መያዝ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራውም ተለውጧል፤ አሁን ብዙ ቦታ ጨርቁን በማጣበቂያ ነው የሚይዙት፣ የሚሰፋ ሰው የሚፈልግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። የማያኮራኝንም እጽፋለሁ፤ ያ ካልተጻፈ ሌላውም ባይጻፍ ይሻላል።

ኤሌቬተር ማለት በአውሮፕላን ጅራት ላይ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል ነው። አፍንጫዋን ቀና የሚያደርገውም የሚደፋውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ በነበሩት አሮጌ አውሮፕላኖች ይህ ክፍል ሙሉ ብረት አይደለም፤ በብረት አጽም ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ጨርቁ በረጅም መርፌና ሰም በተቀባ ክር ከአጽሙ ጋር ይሰፋል፤ በካውያ ተኮማትሮ ይወጠራል፤ ከዚያ ይቀባል። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው።

መርፌ የያዝኩት ናዝሬት ነው፤ ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ በሚሰፋ የመንግሥት ድርጅት። ኃላፊያችን የሰፋነውን ሸራ በእግሩ ረግጦ በሁለት እጁ እየሳበ ነበር የሚፈትነው። ከተተረተረ እንደገና ከሀ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ላስ ቬጋስ ስመጣ ደግሞ አንድ ትልቅ ካዚኖ የዩኒፎርም ክፍል ገባሁ። ካርታ የሚያድለው የዲለር ሸሚዝ፣ የአስተናጋጅ ቬስት፣ የተቀደደ ኪስ። መስኮት የሌለው ክፍል ነበር፣ ግን ለፍርሃቴ ይስማማኝ ነበር፤ የሰፋሁት ቁልፍ ቢበጠስ የሚሞት ሰው የለም።

ፍርሃቴን ልናገር። እኔ ዊትኒ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ምድጃውን ለማየት የምመለስ ሰው ነኝ። ዝናብ በማይዘንብበት አገር ጃንጥላ እይዛለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የቤት ቁልፍ አለ፣ ጎረቤቴ ዘንድ ሦስተኛ። ለምን ሲሉኝ «ለማንኛውም» ነው መልሴ። እጸልያለሁ፣ አምናለሁ፣ ከጸለይኩም በኋላ ተመልሼ በሩን እገፋዋለሁ።

ጋሽ ወርቁን ያወቅኳቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ለመድረኩ አዲስ መጋረጃ ሰፍቼ ነበር። ሰው ሁሉ ከፊት እያየ «ተባረኪ» ሲለኝ አንድ ረጅም ሽማግሌ መጋረጃውን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠርዙን በጥፍራቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ቋጠሮውን የት ደበቅሽው?» አሉኝ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

የደብረ ዘይት አየር ኃይል ቴክኒሽያን ነበሩ። እዚህ ደግሞ ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ሰፈር አልፎ አዳዲሶቹ ቤቶች የሚያልቁበት ቦታ ሬይ በሚባል ሰው የአውሮፕላን ማደሪያ፣ ሃንጋር፣ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሬይ አሮጌ የወታደር ማሠልጠኛ አውሮፕላኖችን እየገዛ ወደ ጥንታቸው የሚመልስ አብራሪ ነው። የሚሰፋላቸው ሰው ቴክሳስ ወዳለች ልጁ ሄዶባቸው ነበር። ጋሽ ወርቁ ወሰዱኝ፣ የተጣለ የጅራት ክፍል ሰጡኝ፣ ሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እሰፋለሁ፣ እርሳቸው ገልብጠው ያያሉ፣ በምላጭ ይቀዱታል። በአራተኛው ወር አንዱን ሳይቀዱት ቀሩ። በማግሥቱ ካዚኖውን ለቀቅኩ። ክፍያው ያንስ ነበር፣ ግን ቀን ነው የምንሠራው።

ቀን ስል ማለዳ ማለቴ ነው። በዚህ አገር በጋ ከረፋድ በኋላ ቀለሙ ከብሩሹ ጨርቁ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል፤ አረፋም ይሠራል። ክሩን መኪና ውስጥ ከረሳሁት ሰሙ ቀልጦ ወንበሩ ላይ ይቀራል።

ጋሽ ወርቁ ልማዳቸው ብዙ ነበር። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት መሣሪያዎቹን በአማርኛ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሬይ እስከ ሃያ መቁጠር የለመደው ከዚያ ነው። የተወጠረውን ጨርቅ በመሃል ጣታቸው ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ያለቀ ሥራ በዚያው ቀን አይፈርሙም፤ ያሳድሩታል፣ ጠዋት አይተው ይፈርማሉ። «ትናንት የደከመው ዓይኔ ነው ያየው» ይላሉ። ሃንጋሩ ውስጥም ሁለት ቃል አያስነግሩም። አንዱ «ይመስለኛል» ነው። ሌላው የእኔው «ለማንኛውም»።

አንድ ቀን ሁለት ቋጠሮ በሚበቃበት ቦታ ሦስተኛ ስጨምር ያዙኝ። ለምን ሲሉኝ ያችኑ ቃል አልኩ።

«ለማንኛውም ማለት ፈርቻለሁ ማለት ነው» አሉኝ። «ከፈራሽ ፈራሁ በይ፤ መጥቼ አየዋለሁ። ብቻሽን ፈርተሽ ብቻሽን አትጨምሪ።»

እሺ አልኩ። ቃሉን ከአፌ አወጣሁት። ከሆዴ አልወጣም።

አሁን ስለ አውሮፕላኗ። ባለቤቷ ዛሬም ስለሚያበራት የሞዴል ቁጥሯን አልጽፍም። ሁለት ሰው በፊትና በኋላ የምታስቀምጥ የወታደር ማሠልጠኛ ናት፤ ተማሪው ከፊት፣ መምህሩ ከኋላ። በብዙ አገር ብዙ አብራሪ ፊደል የቆጠረው በእርሷ ስለሆነ ጋሽ ወርቁ «እትዬ» ይሏት ነበር፤ ሬይም ስሟ እየመሰለው «ኢትዬ» ማለት ጀመረ፤ እኔን ዘነበችን «ዚ» እንደሚለኝ። ታሪኳን ጋሽ ወርቁ በምሳ ሰዓት እየቆራረሱ ነው የነገሩኝ። መጀመሪያ ስትሠራ እግሯ አይታጠፍም፤ ጎኗም እንደ ጅራቷ ጨርቅ ነበር። ኋላ ጦሩ፣ ተማሪው ነገ የሚይዘው ተዋጊ አውሮፕላን እግሩን የሚሰበስብ ነውና ልማዱን ከአሁኑ ይያዝ አለ፤ እግሯ ታጣፊ ሆነ። ጎኗ ብረት ለበሰ፣ ሞተሯ ጉልበት ጨመረ። ከትልቁ ጦርነት በኋላ ደግሞ ያገለገሉትን ሰብስበው፣ ከኋላ ያለው መምህር አሻግሮ እንዲያይ ወንበሩን ከፍ፣ መስኮቱን ሰፋ አድርገው እንደ አዲስ አወጧቸው። የእኛዋ ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

«ይህ ሁሉ ሲለወጥ የጅራቷ ጨርቅ ለምን ቀረ?» አልኳቸው።

መልሱን በመኪና አሳዩኝ። አውራ ጎዳና ላይ እየነዳሁ ከአጠገቤ ተቀምጠው የካርቶን ቁራጭ የፊት ጠርዙን ይዘው በመስኮት አወጡ። በነፋሱ ላይ ቀጥ ብሎ ተኛ። መለሱትና በኋላ ጠርዙ አንድ ሳንቲም በፕላስተር ለጠፉበት። አሁን ሲያወጡት መጀመሪያ ትንሽ ተርገበገበ፣ ከዚያ እንደ እብድ ሆነ፣ ከዚያ ከእጃቸው ነጥቆ ሄደ። ኤሌቬተር ከማጠፊያው በስተኋላ ከከበደ ፍጥነት ሲጨምር እንዲሁ ያደርጋል አሉኝ። ለዚህ ነው ጨርቅ የሆነው፤ ለዚህ ነው ከፊቱ የእርሳስ ማመዛዘኛ የሚገባለት፤ ለዚህ ነው የመጨረሻው ቀለም ከደረቀ በኋላ ተሰቅሎ የሚመዘነው። ይህን ተናግረው ሲያበቁ መንገድ ላይ ቆሻሻ ስለጣልን ሁለታችንም አፈርን።

ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አጠፋሁ ለማለት አልችልም።

የእትዬ ጥገና ሦስት ዓመት ፈጀ። ሊያልቅ ሲል ሬይ በመጀመሪያው በረራ የኋላው ወንበር የጋሽ ወርቁ እንደሚሆን ተናገረ። ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው በአንዱም ተሳፍረው አያውቁም ነበር፤ ቴክኒሽያን መሬት ላይ ነው የሚቀረው። የዚያን ቀን መሣሪያ ሲቆጥሩ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። እስከዚያ የሰፋሁት ጨርቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰፋሁት ቁጥር የማየው እርሳቸውን ሆነ።

ሁለቱን ኤሌቬተሮች ጨረስኩ። የጥገና መጽሐፉ የሚያዘውን ያህል እጅ ቀለም ቀባሁ፣ አንድ አልጎደለም። ሰቅለን መዘንናቸው፤ ልክ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ አሳደሯቸውና ዓርብ ጠዋት ፈረሙ፤ ጅራቷ ላይ ገጠምናቸው። እኔ ያኔ የመካኒክ ፈቃድ፣ ላይሰንስ የሚሉት፣ ስላልነበረኝ በእኔ ሥራ ላይ የሚሰፍረው ስም የእርሳቸው ነው። በረራው ለሰኞ ተያዘ።

ቅዳሜ ማለዳ ወለሉን ልጠርግ ብቻዬን ሄድኩ። በትልቁ በር የገባው ፀሐይ ጅራቷን ከታች ሲመታው በግራው ኤሌቬተር የኋላ ጠርዝ ጨርቁ የሳሳ መሰለኝ። ከቀለሙ ሥር ፀሐይ ጨርቁን እንዳይበላው የሚቀባ ብርማ ቀለም አለ፤ እሱ ያነሰ መሰለኝ። ዓይኔ ይሁን እውነት ዛሬም አላውቅም። ስልኬን አወጣሁ። ልደውልላቸው ነበር። ከዚያ ይሉኝታ ያዘኝ። ፈርመዋል፤ ሳስቷል ብላቸው «ሳያዩ ፈረሙ» ማለቴ አይደለም? በዚያ ላይ ከደስታቸው ብዛት ሰኞን እንደ ልጅ እየጠበቁ ናቸው። ስልኩን መለስኩት፤ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፤ አንድ እጅ ቀባሁ። እስኪደርቅ ጠብቄ ሁለተኛ እጅ ደገምኩ። ግራውን ብቻ ብቀባ ቀኙ ያንሳል ብዬ ቀኙንም ሁለት እጅ ቀባሁት። የላዩንም ቀለም መለስኩበት። ሲደርቅ እጄን ጭኜ ጸለይኩ፤ ጌታ ሆይ፣ ሽማግሌውን በሰላም መልስልኝ አልኩ። ክብደት የሚባለው ነገር ጨርሶ ወደ አእምሮዬ አልመጣም። ጥንቃቄ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኞ ሲነሡ ጠረጴዛው ላይ ካለው የመገናኛ ሬዲዮ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጋሽ ወርቁ ከኋላው ወንበር እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ሬይ ከፍታ ሲይዝ፣ ሲዞር፣ ሁሉ ደህና ነው እያለ ይናገራል። ከዚያ አፍንጫዋን ደፋ አድርጎ ፍጥነት ሊጨምር መሆኑን ተናገረ።

ቀጥሎ የሰማሁት፣ ዱላው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚል ነበር። ዱላ የሚለው አብራሪው በጉልበቱ መሃል የሚይዘውን መሪ ነው። ድምፁ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ።

ካርቶኑ ነው የታየኝ። ቁጭ ለማለት ወንበር ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም፤ «ሁለት እጅ፣ ሁለት እጅ» ብቻ ነበር የምለው። ሬዲዮው ሲመለስ ሬይ ፍጥነቱን ቀንሶ መንቀጥቀጡ እንደቆመለት፣ ቀስ ብሎ እየተመለሰ መሆኑን ተናገረ። እስኪያርፉ ያለፈው ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

ጋሽ ወርቁ ወርደው ክንፉን ተደገፉ። ሬይ ወደ ሞተሩ ነው የሄደው። ፕሮፔለሩ ሚዛኑን ስቷል አለ፤ ፈትቶ ያስመዝነዋል፤ ሐሙስ እንደገና ይበራል። ጋሽ ወርቁ መልስ ሳይሰጡ ወደ ጅራቷ ሄዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። የኤሌቬተሩን የኋላ ጠርዝ በጥፍራቸው እየተከተሉ እስከ ዳር ደረሱ፣ ተመለሱ። ሬይ በማይሰማው ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«ዘነበች፣ ለማንኛውም ብለሻል?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«ስንት እጅ?»

«ሁለት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢቆጡኝ በተሻለ። ለሬይ እኔው እንድነግረው፣ እርሳቸው እንደማያስተረጉሙልኝ ነገሩኝ። ለመንኳቸው። እኛው በዝምታ ልጠን እንደገና እንቀባው፣ ሐሙስ አይንቀጠቀጥም፣ ማንም አይጎዳም አልኩ። ያባርረኛል አልኩ። የእርሳቸውም ላይሰንስ ይነጠቃል አልኩ፤ ይህንን ያልኩት ለእርሳቸው አስቤ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«ሐሙስ ባይንቀጠቀጥ፣ ጥፋቱ የፕሮፔለሩ ነበር ብሎ ያምናል» አሉኝ። «ነገ ሌላ ነገር ሲንቀጠቀጥበት ያንኑ ይዞ ይፈልጋል። ሰውየውን በውሸት አስተምረን ወደ ሰማይ እንስደደው?»

የምሳ ሰዓቱን መኪናዬ ውስጥ አሳለፍኩ። ኤሲው እየነፈሰብኝ ያልበኝ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ይቅር በለኝ ብዬ አይደለም የጸለይኩት። ጌታ ሆይ ፕሮፔለሩ ይሁን ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ማርሽ አስገባሁ፣ ሁለት ጊዜ አወጣሁ። ቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። ወደ ዊትኒ ብሄድ ማንም አይከተለኝም፤ ጋሽ ወርቁም ከእኔ አፍ ሳይወጣ በፊት እንደማይናገሩብኝ አውቅ ነበር፣ ቢያንስ እስከ ረቡዕ። ያ ነው ያወረደኝ። በእኔ ምክንያት ሁለት ቀን ተሸክመውት ሲያድሩ ታየኝ።

ሬይ የፕሮፔለሩን ብሎኖች እየፈታ ነበር። በዚያች በማትረባ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ቁልፉን መሬት አስቀመጠ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔና እግዚአብሔር» አልኩት።

«እግዚአብሔር የመካኒክ ላይሰንስ የለውም፣ ዚ። ሌላ ጊዜ ለወርቁ ንገሪ።»

ያኔ ነገሩ ድፍረት ሆኖ አሳመመኝ። አሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ኤሌቬተሮቹን ፈታን፤ በማጠፊያቸው መመዘኛው ላይ ሰቀልናቸው። ጋሽ ወርቁ ደግፈው ያዙና እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ። የኋላ ጠርዛቸው፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ራስ፣ ዝቅ እያለ ወረደ። ከዚያ ጋሽ ወርቁ የአውሮፕላኗን መዝገብ አምጥተው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ከተፈረመ በኋላ፣ ሳይመዘን፣ ሁለት እጅ እኔ እንደጨመርኩ በእጄ ጻፍኩ። እርሳቸው ከሥሩ፣ የፈረሙትን ሥራ ከበረራ በፊት ዳግመኛ እንዳላዩ ጻፉ። ያንን እንዳይጽፉ ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም። ገጹ ዛሬም አለ፤ የሚገዛት ሁሉ ያነበዋል።

ጨርቁን ገፍፌ ከሀ ጀመርኩ። በዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ «ፈራሁ» ብያለሁ፤ ጋሽ ወርቁ ቆጥረውታል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ሥራቸውን አቁመው መጥተው አዩልኝ። አሥሩ ከንቱ ፍርሃት ነበር። አንዱን ግን ገልብጠው ካዩ በኋላ፣ «ልክ ብለሻል» አሉኝ፤ አንድ ቋጠሮ ልል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የላይሰንሱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ጋሽ ወርቁ አሁን ግሪን ቫሊ ሰፈር ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ስደውልላቸው ዛሬም ጤንነቴን ሳይጠይቁ ምን ሰፋሽ ነው የሚሉኝ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ግን ልጽፈው የምፈልገው የእትዬን ዳግመኛ በረራ ነው።

ሬይ አላባረረኝም። በምትኩ የኋላው ወንበር በዚህኛው በረራ የእኔ እንዲሆን ወሰነ፤ የቀባው ይቀመጥ አለ። ከአዲስ አበባ ስመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ካልሆነ በአየር ሄጄ አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ይከራከሩልኛል ብዬ ዞር ስል ቀበቶዬን እያጠበቁ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የራሱ ዱላ አለው፤ ከፊተኛው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሬይ ሲያንቀሳቅስ በጉልበቶቼ መሃል የእኔውም ብቻውን ይንቀሳቀሳል። እንዳልነካው ጉልበቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በረሃው ውስጥ ካለው ደረቅ ሐይቅ በላይ ስንደርስ ሬይ በጆሮ ማዳመጫው ተናገረኝ፤ ያን ቀን ወደተንቀጠቀጠበት ፍጥነት እየሄደ ነው፣ ዱላውን ልያዝ። ያዝኩት። አፍንጫዋ ተደፋ። ነጩ መሬት መጣ። ጸሎት ጀምሬ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ዱላው መዳፌ ውስጥ መርገብገብ ጀመረ።

«ዚ፣ ይንቀጠቀጣል» አለ ሬይ። «አንቺ ነሽ ወይስ እርሷ?»

አላውቅም ልል ነበር።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አልኩ፤ ከዚያ አረምኩት። «ፈርቻለሁ። ቆይ ልየው።»

እጄን አነሣሁ። ዱላው በጉልበቶቼ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።